የበዓል ዶሮ በእርጎና በቅመም፦ በድፎ ዳቦው ምጣድ የሚጠበስ ሁለተኛ አማራጭ

በዓል ሲቃረብ የቢቸናና የሞጣ ገበያዎች በዶሮ፣ በሽንኩርት፣ በቅቤና በቅመም ይሞላሉ። የብዙው ቤተሰብ ሐሳብ አንድ ነው፤ እርሱም ዶሮ ወጥ ነው። ይሁንና ዶሮ ወጥ ብዙ ሽንኩርት፣ ብዙ ቅቤና ረዥም ሰዓት የሚነድ ማገዶ ይፈልጋል። ለአንድ ዶሮ እስከ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት የሚያቁላሉ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ለዚህ ሁሉ አቅም ለሚያጥረው፣ እንዲሁም ለበዓሉ ማግስት ሁለተኛ ዶሮ ለሚያርድ ቤተሰብ፣ ዶሮን በእርጎና በቅመም አሽቶ መጥበስ ወጪንም ጊዜንም ይቆጥባል።

በምዕራቡ ዓለም ለገና በዓል ተርኪ የተባለው ትልቅ ወፍ ሙሉውን ይጠበሳል። በሕንድና በፓኪስታን ፑንጃብ ደግሞ ዶሮ በእርጎ፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በእርድና በበርበሬ ታሽቶ ታንዱር በተባለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ በፍም ግለት ይበስላል። ይህ አሠራር ለጎጃም ቤት እንግዳ አይደለም። ድፎ ዳቦም በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከላይም ከታችም እሳት እየተደረገበት ይጋገራል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሌለው ቤተሰብ ድፎው ከወጣ በኋላ በዚያው ምጣድና በዚያው ፍም ዶሮውን መጥበስ ይችላል።

ቅመሞቹም ከቤት አይጠፉም። ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ አብሽና እርድ በሕንድ ማዕድ ቤቶችም የዘወትር ቅመሞች ናቸው። የሕንዶቹ የነጠረ ቅቤም ከእኛው ንጥር ቅቤ ጋር ይቀራረባል። በሕንዶቹ ሄል ምትክ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነውን ኮረሪማ መጠቀም ይቻላል። በርበሬ ግን ለሁለቱም አገሮች እንግዳ ነበር፤ መነሻው እንደ ተርኪው ሁሉ አሜሪካ ነው።

እርድ ሲገዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባንግላዴሽ አንዳንድ ነጋዴዎች እርዱ ደምቆ እንዲታይ እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም ይቀላቅሉበት እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አረጋግጧል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለሆነም የተፈጨ እርድ ከመግዛት ይልቅ ደረቁን ሥር ገዝቶ፣ አጥቦና አድርቆ በቤት መውቀጥ ይመረጣል።

ቀጣዩ ጉዳይ የዶሮው ምርጫ ነው። ያረጀ አውራ ዶሮ ሥጋው ጠንካራ በመሆኑ ለወጥ እንጂ ለጥብስ አይመችም። ለጥብስ የሚሻለው ገና ያልጠነከረ ወጣት ዶሮ ነው። ክንፉን የጣለ፣ አንገቱ የተጠማዘዘ፣ አረንጓዴ የሚያስቀምጠው ወይም አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ዶሮ ፈንግል ይዞት ሊሆን ስለሚችል መግዛት አይገባም። ጤነኛ የሚመስለውም ቢሆን እስኪታረድ ድረስ ከቤት ዶሮዎች ጋር መቀላቀል የለበትም። በበዓል ገበያ ከየአቅጣጫው የሚሰበሰቡ ዶሮዎች በሽታውን ወደ መንደር ይዘው ሊገቡ ይችላሉ፤ ለበዓል የተገዛ አንድ ዶሮ የቤቱን መንጋ ሊያስጨርስ ይችላል።

ዶሮው ከተገነጠለ በኋላ እንደ ልማዱ በአሥራ ሁለት ብልት ይከፈል። ሙሉውን መጥበስ ለዓይን ቢያምርም ውስጡ ሳይበስል ውጪው ሊያር ይችላል። በብልት ሲሆን ግን እሳቱ እኩል ይደርሰዋል፤ ፈረሰኛውም እንደ ወጉ ለአባወራው ይቀርባል።

ለአንድ ዶሮ አንድ ብርጭቆ ወፍራም እርጎ፣ አንድ ራስ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ የአራት ኮረሪማ ፍሬ፣ ግማሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነጭና ጥቁር አዝሙድ እንዲሁም ጨው ይበቃል። ሥጋው በቢላ ከተጫረ በኋላ በዚህ ይታሻል። የእርጎው ኮምጣጣነትና ዝንጅብሉ ሥጋውን ያለሰልሱታል። ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት ሌሊቱን ማሳደር ይቻላል፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ማቆየት አይመከርም።

ከዚያም ብልቶቹ በጎድጓዳ የሸክላ ዕቃ ወይም በትሪ ተደርድረው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ይፈስባቸዋል። ዕቃው በጋለው ምጣድ ላይ ይቀመጥና ሌላ ምጣድ ተደፍቶበት ፍም ከላይ ይደረጋል። በመካከል አንድ ጊዜ እየተገላበጠ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ሊጠብሰው ይችላል። የአገር ዶሮ ከዚህም በላይ ሊፈልግ ይችላል።

መብሰሉ የሚታወቀው በቀለሙ ሳይሆን በውስጡ ነው፤ እርድና በርበሬ ጥሬውንም የበሰለ ያስመስሉታልና። ወፍራሙ የታፋ ሥጋ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ደም የሌለበትና የጠራ፣ ሥጋውም ከአጥንቱ የሚላቀቅ መሆን አለበት። ቴርሞሜትር ያለው ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ያረጋግጥ። በጥሬ ዶሮ ላይ የሚገኙት ሳልሞኔላና መሰል ጀርሞች የሚሞቱት በሙቀት ነው። በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ ጠረኑን ቢያጠፋም ጀርሞቹን አያስወግድም። የሚረጨው ውኃ ጭራሽ ወደ ሰላጣና ወደ እንጀራ ሊያደርሳቸው ስለሚችል፣ እጥበቱ ከሌላ ምግብ ርቆ በጥልቅ ዕቃ መከናወን አለበት። ቢላዋና መክተፊያው፣ የአጣቢዋም እጅ በሳሙና ይታጠባል። ከማሻው የተረፈው እርጎም ይደፋል እንጂ በተጠበሰው ላይ አይጨመርም።

የጾሙ መፍቻ ወጥ እንደ ወጉ ይቀጥላል። ጥብሱ ግን የቤቱን ቅመም፣ የድፎውን ፍምና አንድ ዶሮን ብቻ ይዞ ለማዕዱ ሌላ ጣዕም ይጨምራል።

መልካም በዓል!