መስኮት ጽዳት

መስኮት ጽዳት የቤት፣ የሱቅ ወይም የሕንፃ መስታወት በክፍያ የማጠብ ሥራ ነው። ብዙ መነሻ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ከትምህርት ወይም ከመደበኛ ሥራ ጎን ለጎን ይሠራል። ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ጨርቅና ባለ ጎማ መጥረጊያ ይበቃሉ። ዛሬ የተለመደውን ባለ አንድ ጎማ መጥረጊያ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው በአሜሪካ ይኖር የነበረው የጣሊያን ተወላጅ ኤቶሬ ስቴኮኔ ነው።

አሠራር

መስታወቱ እንዳይጫር መጀመሪያ አቧራው ይራገፋል። ከዚያ በሳሙና ውሃ ይታሻል፤ በመጨረሻም ውሃው በጎማው ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል። በጠራራ ፀሐይ ሳሙናው ቶሎ ደርቆ ምልክት ስለሚተው ጧት ወይም አመሻሽ ይመረጣል።

በቁሓ

የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኝባት ቁሓ የመቀሌ ከተማ ክፍል ናት። ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ስለሚጥል በበጋ ወራት መስታወት ቶሎ አቧራ ይለብሳል። ይሁን እንጂ መቀሌ የውሃ እጥረት ያለባት ከተማ ናት። ስለዚህ በባልዲ መሥራት በጎማ ቱቦ ከማጠብ ይሻላል። በአካባቢው የኖራ ድንጋይ ይበዛል፤ ኖራ ያለበት ውሃ ደግሞ መስታወት ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ስለሚተው ወዲያው መጠረግ አለበት።

አደጋው

ትልቁ አደጋ መውደቅ ነው። በትርፍ ሰዓት የሚሠራ ሰው ከመሬት ቆሞ በሚደርስበት መስኮት ቢወሰን ይመረጣል፤ ከፍ ያለ ፎቅ ሥልጠናና የደህንነት ቀበቶ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትንም ሕይወታቸውን ወይም ጤናቸውን ለአደጋ በሚያጋልጥ ሥራ ማሰማራት ክልክል ነው።