ያውቁ ኖሯል? ዓመታቸው ሁልጊዜ ረቡዕ ይብት ነበር

በክርስቶስ ልደት ዘመን በይሁዳ የኖሩት ኤሴናውያን ንብረታቸውን በጋራ የሚይዙ፣ ብዙዎቹም ሚስት የማያገቡ አይሁድ ነበሩ። ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ እንደሚለው፣ አዲስ ገቢ ሁሉ ትንሽ መቆፈሪያ ይሰጠዋል፤ ለመጸዳዳት ራቅ ብሎ ጉድጓድ ይምሳል፣ መልሶም አፈር ያለብሰዋል። በሰንበት ግን ይህም ክልክል ነው!

እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙትን ጥቅልሎች ብዙ ምሁራን የኤሴናውያን ናቸው ይላሉ። በጥቅልሎቹ ዓመቱ 364 ቀን፣ ልክ 52 ሳምንት ነው። ሁልጊዜም ረቡዕ ይብታል፤ ፀሐይና ጨረቃ የተፈጠሩት በዚያ ዕለት ነውና። የኢየሩሳሌም ካህናት ግን ወራቸውን በጨረቃ ይቆጥሩ ስለነበር በዓላቱ አይገጥሙም ነበር። ለእኛ ይበልጥ የሚደንቀው፣ 364ቱን ቀን የሚያስተምሩት መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌ በዋሻዎቹ በቁርጥራጭ ብቻ መገኘታቸው ነው፤ ሙሉ ሆነው የቆዩት በግዕዝ ነው።