ስለ መካነ ሰላም ከተማና ስለ ቦረና አገር

የአንድ አገር ታሪክ ከምድሩ አቀማመጥ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ምድሩን የማያውቅ ሰው ታሪኩን ቢያነብ እንኳ ምክንያቱን ለመረዳት ይቸገራል። ስለዚህ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል፥ በቦረና ወረዳ ስለምትገኘው ስለ መካነ ሰላም ከተማ ስንናገር አስቀድመን መሬቱን፥ ቀጥለን ታሪኩን፥ በመጨረሻም ለልጆቻችን የሚሆነውን ትምህርት እናመለክታለን።

መካነ ሰላም ከደሴ ከተማ ወደ ምዕራብ፥ በአቀስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ተቀምጣለች። በስተ ምሥራቅ የለጋምቦ፥ በስተ ሰሜን የሳይንት፥ በስተ ደቡብ የወግዲና የከለላ አገሮች ይገኛሉ። በስተ ምዕራብ ግን ደጋው በድንገት ተቆርጦ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ የሚታየውም የጎጃም ምድር ነው። በደጋው ገብስ፥ ስንዴና ባቄላ ይዘራል፤ በቆላው ደግሞ ማሽላ ይበቅላል። ገበሬው ከበሩ ሆኖ የሌላውን አገር እርሻ እያየ፥ ወደዚያ ለመድረስ ግን አንድ ገደል መውረድና አንድ ገደል መውጣት ግድ ሆኖበት ኖረ።

በሌላው ዓለም ብዙዎች ከተሞች በወንዝ ምክንያት ለሙ። በፈረንሳይ አገር የሊዮን ከተማ የሮንና የሶን ወንዞች ከሚገናኙበት ላይ ተቆርቁራ፥ ዕቃው በጀልባ እየተጫነ ስለሚደርስላት በንግድ በለጸገች። ለእነርሱ ወንዝ መንገድ ነው። ለቦረና ሰው ግን ዓባይ ቅጥር ሆነ፤ በክረምት ሲሞላ ዘመድ ከዘመድ ይለያያል፥ ነጋዴውም ከዳር ቆሞ የውሃውን መጉደል ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ ይህ ከገደል አጠገብ የሚገኝ አገር ከሊቅነት የራቀ አልነበረም። የጥንቱ ቤተ አምሐራ ክፍል ነበርና ነገሥታቱ አብያተ ክርስቲያናትን ያንጹበት፥ ሊቃውንቱም ይማሩበትና ያስተምሩበት ነበር። በስሙ ዛሬ የሚጠራው የጋስጫ ገዳም በዚሁ በቦረና የሚገኘው ሊቅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ናቸው። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን የተባሉ የቤተ መንግሥት ካህን ነበሩ። ልጃቸውን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለትምህርት ቢልኩት፥ ገድሉ እንደሚተርከው፥ ልጁ ትምህርት አልገባው ብሎ ብዙ ጊዜ ተቸገረ፤ በገዳሙም እህል በመፍጨት ሥራ አገለገለ። ከብዙ ጸሎትና ትዕግሥት በኋላ ግን አእምሮው ተከፍቶ፥ መጽሐፈ ምሥጢርን፥ አርጋኖንንና ሰዓታትን የመሳሰሉ መጻሕፍት ለመድረስ በቃ። መጽሐፈ ምሥጢር የተፈጸመው በ1416 ዓ.ም. ነው። ልጄ ትምህርት አልገባው አለ ብሎ ተስፋ የሚቈርጥ አባት ወይም የምትቈርጥ እናት ይህን ታሪክ ቢያስቡ መልካም ነው።

ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም በቤተ አምሐራ አትሮንሰ ማርያምን አሳነጹ። ዐፄ ናዖድም መካነ ሥላሴን አስጀምረው፥ ሕንፃውን ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ፈጸሙት። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋራ ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ቤተ ክርስቲያን አይቶ ስለ ሕንፃው ጽፏል። የኢማም አሕመድ ታሪክ ጸሓፊ ዐረብ ፈቂህም ኢማሙ ወደ ውስጥ በገባ ጊዜ በወርቁ ጌጥ መደነቁን ይተርካል። ነገር ግን የዓባይ ገደል የጠበቀው በምዕራብ በኩል ብቻ ነበርና፥ ሠራዊቱ በሌላ በኩል መጥቶ በ1524 ዓ.ም. ሁለቱንም አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በወርቅ ያጌጠው ሕንፃ ጠፋ፤ እህል ፈጪ የነበረው ሊቅ የደረሳቸው መጻሕፍት ግን አልጠፉም። ምክንያቱም ደቀ መዛሙርት እየገለበጡ በየገዳሙ ስላደረሷቸው፥ በአንዱ ስፍራ ቢቃጠሉ በሌላው ይገኙ ነበር። ስለዚህ አርጋኖን ዛሬም ይጸለይበታል፥ ሰዓታቱም ይቆማል።

ከዚህ በኋላ በአገሩ ላይ ሌላ ታሪክ ተጨመረ። አባ ባሕርይ በ1585 ዓ.ም. ገደማ በጻፉት መጽሐፍ እንደምናገኘው፥ ቦረና ከኦሮሞ ሕዝብ ታላላቅ ክፍሎች የአንዱ ስም ነው። ወደዚህ መጥቶ የሰፈረው ሕዝብ ስሙን ለምድሩ ሰጥቶ፥ ከነባሩ ሕዝብ ጋራ በጋብቻና በጉርብትና ተዋሐደ። በወሎ ምድር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ መገኘታቸው የተለመደ ነው። እነሆ፥ ወረዳው በኦሮሞ ስም ሲጠራ ከተማይቱ በግእዝ ስም ትጠራለች፤ ትርጓሜውም የሰላም ቦታ ማለት ነው። ይህን ሁለት ስም ብቻ ለልጁ አስተካክሎ ያስረዳ አባት የአገሩን ታሪክ እኩሌታ አስተማረ ማለት ይቻላል።

በዘመናችን የቅጥሩ ነገር ተለውጧል። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ዓባይን በድልድይ ተሻግሮ በጎጃም እስከ ጉንደወይን የሚደርስ የመኪና መንገድ ተሠርቷል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በከተማይቱ ግቢ ስላለው፥ ከሩቅ አገር የመጡ ወጣቶች ይማሩባታል። ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን መንገድ የሚያመጣ ብቻ ሳይሆን የሚወስድም ነው። ከከተማይቱ ወደ ሰሜን፥ በቦረናና በሳይንት መካከል የሚገኘው የደንቆሮ ጫካ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የተረፈው ቦታው ገደላማና አስቸጋሪ በመሆኑ ጭምር ነው። በውስጡ ጥድ፥ ወይራ፥ ኮሶና አስታ ይገኛሉ፤ በሌላ አገር የማይገኙ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ በሕግ እንዲጠበቅ ተደረገ። ከእንግዲህ ጠባቂው ገደሉ ሳይሆን ሕጉና የሰዉ ማስተዋል ነው።

እንግዲህ ቦረና የምታስተምረን ይህን ነው። ገደል ለጊዜው ይጠብቃል፥ ወርቅም ለጊዜው ያስደንቃል፤ ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው ግን የተጻፈና የተማረ ነገር ነው። ልጆቻችን የሴንና የሮንን ወንዞች ስም በትምህርት ቤት ማወቃቸው መልካም ነው፤ ከዚሁም ጋራ የቀበሌያቸውን ወንዝ፥ የተራራውንና የደብሩን ስም፥ የሰጠውንም ሰው ታሪክ ከአያቶቻቸው ጠይቀው በደብተራቸው እንዲጽፉ ወላጆች ያዟቸው። አያቱ ሳያልፉ የጠየቀ ልጅ ሊቃውንቱ መጽሐፍ በመገልበጥ የሠሩትን ሥራ ደገመ ማለት ነው።