አሮጌውን የወተት ማቀዝቀዣ ወደ አዲስ ጋዝ ስለ መለወጥ
ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

ወተት ከላሟ ጡት ሲወርድ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ ካልወረደ ተሐዋስያን ይራቡበትና ይኮመጥጣል። ስለዚህ የማኅበሩ ማቀዝቀዣ አንድ ቀን ቢቆም ጉዳቱ የሚደርሰው ማልዶ ባለበው አባል ላይ ነው።

ባለፈው በጋ ከአዲስ አበባ አቅራቢያ ያለ አንድ ማኅበር፣ ኮምፕሬሰሩ ቢነክስበት ጭኖ ልደታ ወደሚገኝ ጥገና ቤት ሲያመጣ እኛም በቦታው ነበርን። ኮምፕሬሰሩ ሲፈታ በውስጡ የተገኘው ዘይት እጅግ ጥቂት ነበር፤ ብረቱም ተፋጭቶ ተበልቷል። ነገሩ ሲጣራ፣ ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ሠራተኛ አሮጌውን ጋዝ አውጥቶ፣ ዘይቱን ግን ሳይለውጥ አዲስ ጋዝ ሞልቶበት ኖሯል። ይህ ስሕተት በሌሎችም እንዳይደገም ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ጋዙ ለምን ተለወጠ?

የጥንቶቹ ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በተለምዶ ፍሪዮን በሚባለው አር-12 ነበር። በውስጡ ያለው ክሎሪን ወደ ላይኛው አየር ወጥቶ፣ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለንን የኦዞን ሽፋን ስለሚያሳሳ፣ በመስከረም 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1987) የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1994) የስምምነቱ አባል ሆነች። በስምምነቱ መሠረት አር-12 በታዳጊ አገሮች ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ቀርቷል። አር-22 የተባለውም ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2030 ለጥገና ከሚፈቀድ ጥቂት መጠን በቀር ይቀራል።

በአር-12 ምትክ የመጣው አር-134ኤ ክሎሪን የለውም። ሆኖም ምድርን ስለሚያሞቅ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ በተደረገው ማሻሻያ መሠረት እርሱም እየተቀነሰ እንዲሄድ ተወስኗል። ስለዚህ ልወጣ የሚጠቅመው ታንኩና ኮምፕሬሰሩ ገና ጤነኛ ለሆነ መሣሪያ ነው። ኮምፕሬሰሩ በብየዳ የታሸገ ትንሽ የቤት ፍሪጅ ከሆነ፣ ዘይቱን ደጋግሞ መለወጥ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ወጪውን በአዲስ መሣሪያ ላይ ማዋል ይሻላል።

ምሥጢሩ ዘይቱ ላይ ነው

ዘይት ከጋዙ ጋር እየተጓዘ ተመልሶ ወደ ኮምፕሬሰሩ መግባት አለበት። የቀድሞው የማዕድን ዘይት ከአር-12 ጋር ይዋሐዳል፤ ከአር-134ኤ ጋር ግን አይዋሐድም። በመሆኑም በቧንቧው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ኮምፕሬሰሩም ያለ ዘይት ይሠራና ይነክሳል። ለአዲሱ ጋዝ የሚስማማው ፖሊዮል ኤስተር የተባለው ዘይት ነው። ይህ ዘይት እርጥበትን ከአየር ስለሚስብ ቆርቆሮው ተከፍቶ መቀመጥ የለበትም።

የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ/ አሮጌው ጋዝ ሳይወጣ የመሣሪያው ግፊትና ወተቱን ለማቀዝቀዝ የሚፈጀው ጊዜ ይመዝገብ።
2ኛ/ የማዕድን ዘይቱ ወጥቶ በአዲሱ ይተካ፤ መሣሪያው በአሮጌው ጋዝ ጥቂት ይሥራ። የቀረው የማዕድን ዘይት ከመቶ 5 እጅ በታች እስኪሆን ይህ ይደጋገም፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዙር ይበቃል።
3ኛ/ አሮጌው ጋዝ በሲሊንደር ይሰብሰብ እንጂ ወደ አየር አይለቀቅ።
4ኛ/ ማድረቂያው ፊልተር ለአዲሱ ጋዝ በሚስማማ ይለወጥ። ፍሳሽ በደረቅ ናይትሮጂን ይፈተሽ።
5ኛ/ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ ይውጣ።
6ኛ/ ጋዙ በሚዛን ይሞላ። መጀመሪያ ከቀድሞው መጠን ከመቶ 75 እጅ ያህሉ ይግባ፤ ከዚያም እየታየ ወደ 90 እጅ ይድረስ።
7ኛ/ የጋዙና የዘይቱ ዓይነት በመሣሪያው ላይ ተጽፎ ይለጠፍ።

ከፍታችንን አንርሳ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ያህል ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት በልደታ ፍጹም ቫኪዩም ቢደረስ እንኳ ጌጁ 23 ኢንች ገደማ ያሳያል እንጂ 30 አይደርስም። 23 ማሳየቱም እርጥበቱ ለመውጣቱ ማረጋገጫ ስላልሆነ በማይክሮን ጌጅ 500 መድረሱ ይታይ።

የግፊት ሠንጠረዦችም የተዘጋጁት ለባሕር ወለል ነው። አር-134ኤ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሲሆን ሠንጠረዡ 1.42 ባር ይላል፤ በአዲስ አበባ ጌጁ ማሳየት ያለበት 1.66 ያህል ነው። ይህን ሳያውቅ በሠንጠረዡ ቁጥር የሚያስተካክል ሰው መሣሪያውን ወደ 3 ዲግሪ ያህል አብልጦ ያቀዘቅዘዋል፤ ወተቱም በታንኩ ግድግዳ ላይ በረዶ ሊሠራ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ

ፕሮፔንና አይሶቡቴን የተባሉት ጋዞች ለእነርሱ ተብለው በተሠሩ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ መልካም ናቸው። ነገር ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአሮጌ መሣሪያ ፈጽሞ መሞላት የለባቸውም። ጋዙ ሾልኮ በተጠራቀመበት ክፍል ከማብሪያ ማጥፊያ የሚወጣ አንዲት ብልጭታ የሰው ሕይወት ልታጠፋ ትችላለች።

በመጨረሻም የማኅበራት ሥራ አስኪያጆች ሠራተኛ ከመቅጠራቸው በፊት ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁ እንመክራለን፦ ዘይቱን ስንት ጊዜ ትለውጣለህ? አሮጌውን ጋዝ በምን ትሰበስባለህ? ጋዙን በሚዛን ነው ወይስ በግምት የምትሞላው? መልሱ ካላጠገባቸው መሣሪያቸውን አይስጡ። ልደታ ተፈትቶ ያየነው ኮምፕሬሰር የተቃጠለው እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ነው።