ጡት ከተወገደ በኋላ፦ መልሶ ስለማሠራት

በካንሰር ምክንያት ጡቷ ለተወገደ ሴት ሦስት መንገዶች አሉ፤ በቀዶ ሕክምና ጡት ማሠራት፣ በጡት መያዣ ውስጥ የሚደረግ ሰው ሠራሽ ጡት መጠቀም ወይም ደረትን እንዳለ መተው። ጡት ማሠራት ካንሰሩን አያድንም፤ እንዲያገረሽም አያደርግም። የሚለውጠው የሰውነትን ቅርጽ፣ የልብስ አቀማመጥንና ሴቲቱ ስለ ራሷ የሚሰማትን ስሜት ነው። በመሆኑም ምርጫው የራሷ ነው።

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ መቼ የሚለው ነው። ጡቱ በተወገደበት ዕለት ከተሠራ አብዛኛው የጡት ቆዳ ሊተርፍ ይችላል፤ ሴቲቱም አንድ ማደንዘዣ ይቀርላታል። ይሁን እንጂ ቁስሉ ቶሎ ካልዳነ ኬሞቴራፒው ሊዘገይ ይችላል። ጨረርም ከባድ ጉዳይ ነው። ጨረር ያረፈበት ቆዳ ይደርቃል፣ መለጠጥ ያቅተዋል፤ ከሥሩ ኢምፕላንት የሚባለው ሰው ሠራሽ ከረጢት ካለ ደግሞ በዙሪያው የሚፈጠረው ጠባሳ እየጠበቀ ጡቱን ሊያደድረውና ሊያጣምመው ይችላል። ስለዚህ ጨረር የታዘዘላቸው ብዙ ሴቶች ሕክምናቸው እስኪያልቅ እንዲቆዩ ይመከራሉ።

ጡት የሚሠራው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። አንደኛው ኢምፕላንት ሲሆን፣ በሲሊኮን ጄል ወይም በጨው ውኃ የተሞላ ከረጢት ማለት ነው። የሲሊኮኑ ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተሞከረው በ1962 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ፣ ሂውስተን ነበር። ብዙ ጊዜ ቋሚው ኢምፕላንት ከመግባቱ በፊት ባዶ ሊባል የሚችል መለጠጫ ከረጢት ከደረት ቆዳ ወይም ጡንቻ ሥር ይቀመጣል። ከዚያም ሴቲቱ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እየተመላለሰች በመርፌ የጨው ውኃ ይጨመርበታል። በተጨመረ ቁጥር ደረቷን ወጥሮ ይይዛታል፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይላላል። ቆዳው በበቂ ሁኔታ ሲለጠጥ መለጠጫው ወጥቶ ቋሚው ይገባል። ቋሚ ይባል እንጂ ዕድሜ ልክ አያገለግልም፤ የሲሊኮኑ ደግሞ ምልክት ሳያሳይ ሊቀደድ ስለሚችል በኤም.አር.አይ. ወይም በአልትራሳውንድ መታየት አለበት።

ሁለተኛው ከገዛ ሰውነት መሥራት ነው። ከጀርባ ጡንቻ ወስዶ የመሥራቱን ዘዴ ጣሊያናዊው ሐኪም ኢጂኒዮ ታንሲኒ በ1906 እ.ኤ.አ. አስተዋውቆታል። ዛሬ በብዛት የሚመረጠው ከእምብርት በታች ያለው ቆዳና ስብ ነው። ሐኪሙ የሆዱን ጡንቻ ሳይወስድ ሥጋውን ከነደም ሥሩ ያነሳና በማይክሮስኮፕ እያየ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ከደረት ደም ሥሮች ጋር ይሰፋዋል። ቀዶ ሕክምናው ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በመጀመሪያው ሌሊት ነርሶች የአዲሱን ጡት ቀለምና ሙቀት ደጋግመው ያያሉ፤ ደም ሥሩ ተዘግቶ ወዲያው ካልተከፈተ ሥጋው ይሞታል። ሆድ ላይ ረጅም ጠባሳ ይቀራል። በአንጻሩ ጡቱ ለስላሳና ሞቃት ነው፤ ሴቲቱ ስትወፍር ይወፍራል፣ ስትከሳ ይከሳል። በጣም ቀጭን ለሆነች ሴት ግን የሚበቃ ስብ ላይገኝ ይችላል። ሲጋራ የምታጨስ ወይም ስኳሯ ያልተስተካከለ ሴት ደግሞ በሁለቱም መንገድ ቁስሏ በቀላሉ አይድንም።

የተሠራ ጡት አያጠባም፤ የቀድሞው ስሜትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የጡት ጫፍ ኋላ ከቆዳ ይሠራል፤ በዙሪያው ያለው ጥቁረት በንቅሳት ይሞላል። ከሌላው ጡት ጋር ለማስተካከልም ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

ወጪውን በተመለከተ፣ በአሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ጡት ማስወገድን የሚሸፍን የጤና መድን መልሶ መሥራቱንም፣ ሌላውን ጡት ማስተካከሉንም እንዲሸፍን ያስገድዳል። እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይህን መብት ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። በኢትዮጵያ የጡት ካንሰር በሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፤ ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚሄዱት ዘግይተው በመሆኑ ቅድሚያ የሚሰጠው ሕይወትን ለማትረፍ ነው። ለጊዜው ከጥጥና ከጨርቅ የተሰፋ ሰው ሠራሽ ጡት ቁስሉ ከዳነ በኋላ የልብስን ቅርጽ ይጠብቃል።

ጡቷ ሊወገድ የተቀጠረላት ሴት ጨረር ያስፈልጋት እንደሆነ፣ ስንት ቀዶ ሕክምና እንደሚጠብቃትና የትኛው መንገድ ለሰውነቷ እንደሚስማማ ከዕለቱ በፊት ሐኪሟን መጠየቅ ይኖርባታል። ያን ጊዜ ያልወሰነች ሴትም ዕድሉ አያመልጣትም፤ ጤናዋ ከፈቀደ ጡት ከዓመታት በኋላም ሊሠራ ይችላል።