«ኪንታሮት ነው» ከማለት በፊት

ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው በእኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኪንታሮትን ነው። ብዙ ጊዜም ግምቱ ልክ ይሆናል። ነገር ግን የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰርም ይደማል፤ በኀፍረትና በባህል መድኃኒት የሚያልፈው ወር የሚጠቅመው ዕጢውን ነው። ይህ ካንሰር በዓለም ላይ በገዳይነቱ ከሳንባ ካንሰር ቀጥሎ ይመጣል።

ምግብ ድርሻ እንዳለው ከሚያሳዩት ጥናቶች እኔን የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ነው። 20 አፍሪካ አሜሪካውያን ለሁለት ሳምንት የደቡብ አፍሪካ ገጠር ምግብ፣ በቆሎና ባቄላ የበዛበት፣ እንዲበሉ ተደረገ፤ 20 የዚያ ገጠር ነዋሪዎች ደግሞ በርገርና ቋሊማ ቀረበላቸው። የአሜሪካውያኑ አንጀት መቆጣቱ ቀነሰ፣ የአፍሪካውያኑ ባሰ። ዋናው ምክንያት አሰር ሳይሆን አይቀርም፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ቡቲሬት ይወጣዋል፣ የአንጀትን ግድግዳ የሚመግበውም እሱ ነው። ሁለት ሳምንት ካንሰር አያመጣም፣ አያድንምም፤ አንጀት የበላነውን ፈጥኖ እንደሚሰማ ግን ያሳያል።

ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ያለበት የጾም ማዕዳችን በዚህ አይታማም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በዚያው ዓመት እንደ ቋሊማ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር አምጪ ብሎ ፈርጆታል፤ በየቀኑ 50 ግራም መብላት አደጋውን በ18 በመቶ ከፍ ያደርጋል። ቀይ ሥጋን «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ረድፍ አኑሮታል። በዓል ሲመጣ ክትፎ የሚቀምስ አይደንግጥ፤ በየምሽቱ ቁርጥና ቢራ የሚያዘወትር ግን ሁለቱንም ይቁጠር፤ አልኮልም በራሱ ተጠያቂ ነው።

ካንሰሩን ይከላከላሉ ተብለው የተሞከሩት አብዛኞቹ ክኒኖች ግን አሳፍረዋል። ፎሊክ አሲድ ፖሊፕ፣ ማለትም ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል የአንጀት ውስጥ እብጠት፣ ተመልሶ እንዳይበቅል አላገደም፤ ቫይታሚን ዲ ከ25 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ ካንሰርን አልቀነሰም። አስፕሪን ሊንች የተባለው የዘር ችግር ላለባቸው ጠቅሟል፤ ሆድ ስለሚያደማ ያለ ሐኪም አይጀመርም። ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድ ይህን ካንሰር እንደሚያድኑ በሰው ላይ አልተረጋገጠም። ኬሞ ላይ ያለ ሰው የሚወስደውን ቅጠልና ዱቄት ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር።

የሕክምናው ምሰሶ ዛሬም ቀዶ ሕክምና ነው። እንደ ደረጃው ኬሞ፣ ለፊንጢጣው ደግሞ ጨረር ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ሙከራ ከኬሞ በኋላ ለሦስት ዓመት በክትትል ስፖርት ከሠሩት መካከል 80 በመቶዎቹ በአምስተኛው ዓመት በሽታው እንዳልተመለሰባቸው አሳይቷል፤ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው 74 በመቶዎቹ።

ፖሊፕ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ በኮሎኖስኮፒ፣ ካሜራ ባለው ቱቦ አንጀትን በሚያይ ምርመራ፣ ሲታይ እዚያው ይነቀላል። አሜሪካ ምርመራውን ከ45 ዓመት ጀምሮ ትመክራለች። ደም፣ ምክንያት የሌለው ክሳት ወይም ለሳምንታት የተለወጠ የሰገራ ልማድ ካለብዎ ዕድሜዎ እስኪደርስ አይጠብቁ። «ኪንታሮት ነው» የሚለውን የሚወስነው የመረመረዎት ሐኪም ይሁን።