ብልጭታ ቀለም አይደለም

የጥር ሠርግ ሲቃረብ በሱሉልታ ዋና መንገድ ዳር ወዳሉት የጽሕፈትና የኅትመት ሱቆች ጎራ ያለ ሰው፣ «የሙሽሮቹ ስም በወርቅ ብልጭልጭ ይሁንልኝ» የሚል ደንበኛ አያጣም። ብዙ ጊዜ ግን የሚወጣው እርድ የተነሰነሰበት የሚመስል ቢጫ ጽሑፍ ነው። ይኸውም ሠሪው ብልጭታን እንደ ቀለም ስለሚቈጥረው ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ የወረደበትን የሱሉልታን ሜዳ ልብ ብሎ ያየ ሰው ምሥጢሩን ያውቀዋል። ፀሐይ ስትወጣ የሚያበራው ሣሩ ሁሉ አይደለም፤ ጥቂቱ ይበራል፣ የሚበዛው ፈዞ ይቀራል። አንድ እርምጃ ፈቀቅ ቢሉ የበራው ጠፍቶ የፈዘዘው ይበራል። ዐይናችን ብልጭታ የሚለው እንግዲህ ይህንኑ የብርሃንና የጥላ መዘበራረቅ ነው።

ይህን መዘበራረቅ በፎቶሾፕ መሥራት ይቻላል። ፕሮግራሙን ቶማስ ኖልና ወንድሙ ጆን ሠርተውት አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ አወጣው። ለጉዳያችን የሚበጀው ሌየር የመጣው ግን በ1994፣ በ3ኛው እትም ነው። ሌየር እንደ ጠራ ላስቲክ አንዱ ባንዱ ላይ የሚነጠፍ ገጽ ነው፤ የላይኛው ቢበላሽ የታችኛው አይነካም።

በመጀመሪያው ሌየር ላይ ጠቆር ያለ የወርቅ ቀለም ይሞላል። «ኖይዝ» የተባለው ትእዛዝ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ይበትንበታል፤ «ክሪስታላይዝ» ደግሞ አሸዋውን ጠጠር ጠጠር ያደርገዋል። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ የእርዱም ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው። ሌየሩን አባዝቶ ቅጂውን 180 ዲግሪ ማዞርና «ኦቨርሌይ» በሚባለው አኳኋን መደረብ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ብሩሁ ከብሩህ የተገጣጠመበት ይፈካል፣ ጨለማው ከጨለማ የተገጣጠመበት ይጠቁራል፣ ሌላው መካከለኛ ይሆናል። ሳይዞር ቢደረብ ግን ያው ጠጠር በያው ጠጠር ላይ ይወድቃል።

ከዚያ ሌየሮቹ በስሙ ፊደል ልክ ይከረከማሉ። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ጥንቃቄ ይሻል፤ ጠጠሩ ከገዘፈ ቀጭኑን ቅጥያ ይበላዋልና «ሙሉ» የተባለችው ሙሽራ «ሙለ» ሆና ታርፋለች!

የቀረው የወረቀቱ ነገር ነው። የኮምፒዩተሩ መስኮት ራሱ ብርሃን ይሰጣል፤ አራቱ የማተሚያ ቀለሞች ግን ከወረቀቱ ንጣት የበለጠ ብርሃን የላቸውም፣ ካርዱን ቢያዘነብሉትም አይለዋወጡም። እውነተኛ ብልጭታ የሚፈልግ ሰው በሙቀት ተጭኖ የሚለጠፈውን ወርቅማ ስስ ሽፋን ማዘዝ፣ ዋጋውንም መቻል አለበት። ሠሪው ይህን ሳይናገር ሥራውን ቢቀበል፣ መስኮቱን አምነው 300 ካርድ ያዘዙት የሙሽራዪቱ አባት የደበዘዘውን ቢጫ የሚያዩት ገንዘባቸውን ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ነው።